የድረ ገጽ ማሰሻዎችና የስክሪን አንባቢዎች፦ አካል ጉዳተኛ ተገልጋዮች የበይነ መረብ አገልግሎትን በራሳቸው ለመጠቀም ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

ቀደም ሲል በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ተሰልፎ ይፈጸም የነበረ ብዙ ጉዳይ ዛሬ በበይነ መረብ ይፈጸማል። የፓስፖርት ማመልከቻ ማቅረብ፣ የንግድ ፈቃድ ማደስ፣ የቅጥርና የጨረታ ማስታወቂያ ማንበብ ከቤት ሳይወጡ የሚቻል ሆኗል። ለውጡ ጉዞና ወረፋ ለሚከብዳቸው አካል ጉዳተኞች ከሌላው ተገልጋይ በላይ እፎይታ ሊሰጥ የሚችል ነው። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነ ስውር ተገልጋይ ቅጹን ሲከፍት ኮምፒውተሩ ዝም ካለ፣ ወይም የአዝራሮቹን ስም ሳይጠራ "አዝራር፣ አዝራር፣ አዝራር" እያለ ካለፈ፣ ቀሪው አማራጭ ሌላ ሰው እንዲሞላለት መጠየቅ ይሆናል። ያን ጊዜ የትውልድ ዘመኑን፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥሩን፣ የይለፍ ቃሉንና በስልኩ የሚደርሰውን የማረጋገጫ ኮድ ጭምር ለዚያ ሰው አሳልፎ ለመስጠት ይገደዳል።

ስለዚህ የድረ ገጽ ማሰሻ እና አጋዥ ቴክኖሎጂ ተጣጥመው መሥራታቸው የተገልጋዩን ምስጢርና ራስን የመቻል መብት በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ነው። ይህ ጽሑፍ ሁለቱ እንዴት እንደሚገናኙ፣ የትኛው ማሰሻ ከየትኛው አንባቢ ጋር የተሻለ እንደሚሠራ፣ የአማርኛ ጽሑፍ አንዳንድ ጊዜ የማይነበብበትን ምክንያት፣ እንዲሁም ችግር ሲያጋጥም መንስኤው የት እንደሆነ የመለያ መንገዶችን ያብራራል።

ድምፁ ከየት ይመጣል?

የስክሪን አንባቢ በማያ ገጽ ላይ ያለውን ይዘት በድምፅ የሚናገር፣ ከብሬይል ማሳያ መሣሪያ ጋር ሲገናኝም በነጥቦች የሚያሳይ ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰዎች አንባቢው ማያ ገጹን እንደ ዓይን የሚመለከት ይመስላቸዋል። አሠራሩ ግን የተለየ ነው። ማሰሻው አንድን ድረ ገጽ ሲከፍት ሁለት ነገሮችን ያዘጋጃል። አንደኛው ለዓይን የሚታየው ገጽ ሲሆን፣ ሁለተኛው የገጹ ክፍሎች ዝርዝር ነው። በዝርዝሩ ውስጥ የእያንዳንዱ ክፍል ዓይነት፣ ስምና ሁኔታ ይመዘገባል፤ ለምሳሌ "ርዕስ፣ ደረጃ 2"፣ "የመሙያ ሳጥን፣ ሙሉ ስም፣ የግድ የሚሞላ" ወይም "ምልክት ማድረጊያ ሳጥን፣ ያልተመረጠ" የሚል ሊሆን ይችላል። ማሰሻው ይህን ዝርዝር በኮምፒውተሩ ወይም በስልኩ ሥርዓተ ክወና ውስጥ ለአጋዥ ቴክኖሎጂ በተዘጋጀ መተላለፊያ በኩል ለአንባቢው ያስረክባል። አንባቢው የሚናገረው የተረከበውን ብቻ ነው።

ከዚህ እንደሚታየው አንድ ቅጽ በትክክል እንዲነበብ ሦስት ወገኖች ድርሻቸውን መወጣት አለባቸው። ድረ ገጹን የሠራው ተቋም ለእያንዳንዱ ሳጥንና አዝራር ስም መስጠት ይጠበቅበታል። ማሰሻው ያንን ስም ሳያጎድል ማስተላለፍ አለበት። አንባቢው ደግሞ የተቀበለውን በተገቢው ቋንቋና ቅደም ተከተል መናገር አለበት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ለተገልጋዩ የሚሰማው ዝምታ ወይም ትርጉም የለሽ ድምፅ ነው። ብዙ ተገልጋዮች በዚህ ጊዜ "እኔ አላወቅሁበትም" በማለት ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። ሆኖም ስም ያልተሰጠውን አዝራር ማንም ልምድ ያለው ተጠቃሚ ቢሆን በድምፅ ሊለየው አይችልም።

የትኛው ማሰሻ ከየትኛው አንባቢ ጋር?

ማሰሻዎችና አንባቢዎች በተለያዩ ድርጅቶች የሚሠሩ በመሆናቸው ሁሉም ጥምረቶች እኩል ውጤት አይሰጡም። በአጠቃላይ የሚመከሩት የሚከተሉት ናቸው።

በዊንዶውስ ኮምፒውተር፦ ኤንቪዲኤ የተባለው አንባቢ ከክሮም፣ ከፋየርፎክስና ከኤጅ ጋር በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ኤንቪዲኤ እ.ኤ.አ. በ2006 በአውስትራሊያ ማይክል ከራን በተባለ ዓይነ ስውር የተጀመረና ከዓይነ ስውሩ ባልደረባው ጄምስ ቴ ጋር የዳበረ ፕሮግራም ሲሆን፣ ያለ ክፍያ ይሰጣል። በፍላሽ ዲስክ ላይ ተጭኖ ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሊወሰድ መቻሉ በኢንተርኔት ካፌ ወይም በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ ሰዎች ይጠቅማል። ጆስ የተባለው አንባቢ በክፍያ የሚገኝ ሲሆን፣ ፈቃድ ሳይገዛ በአንድ ጊዜ ለ40 ደቂቃ ሊሠራ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ማስነሳት ያስፈልጋል። ረጅም ቅጽ የሚሞላ ሰው ይህን የጊዜ ገደብ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። በዊንዶውስ ውስጥ ተካቶ የሚመጣው ናሬተር ከኤጅ ጋር የተሻለ ይሠራል፤ የሚነሳውም የዊንዶውስ፣ የኮንትሮልና የኢንተር ቁልፎችን በአንድነት በመጫን ነው።

በአንድሮይድ ስልክ፦ ቶክባክ ከክሮም ጋር ይመከራል። አቋራጩ በስልኩ ቅንብር ውስጥ ከተፈቀደ ሁለቱን የድምፅ መጨመሪያና መቀነሻ ቁልፎች ለጥቂት ሰከንዶች አንድ ላይ ተጭኖ በመያዝ ማስነሳት ይቻላል።

በአይፎንና በማክ ኮምፒውተር፦ ቮይስኦቨር ከሳፋሪ ጋር ይመከራል፤ ሁለቱም የአንድ ድርጅት ውጤቶች በመሆናቸው ተናበው ይሠራሉ።

በሊኑክስ ኮምፒውተር፦ ኦርካ የተባለው አንባቢ ከፋየርፎክስ ጋር ለረጅም ጊዜ አብሮ ሲሠራ የቆየ ነው።

በማኅበራዊ መገናኛ ወይም በመልእክት መለዋወጫ መተግበሪያ የደረሰን ማስፈንጠሪያ የሚከፍቱ ተገልጋዮች አንድ ነገር ልብ ሊሉ ይገባል። አንዳንድ መተግበሪያዎች ገጹን በራሳቸው ውስጥ በሚገኝ ትንሽ ማሰሻ ይከፍቱታል። ቅጹ በዚያ ውስጥ በትክክል ካልተነበበ አድራሻውን ገልብጦ በክሮም ወይም በሳፋሪ መክፈት ችግሩን ሊያቃልል ይችላል።

ያረጁ ኮምፒውተሮችና ያልታደሱ ፕሮግራሞች

ማይክሮሶፍት ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 ይሰጥ የነበረውን ድጋፍ በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 ኮምፒውተሮች ላይ ያቋረጠው ሰኔ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው። ይህን ማሰሻ እስካሁን የሚጠቀሙ ተገልጋዮች አዳዲስ ቅጾች ባይከፈቱላቸው ወይም ከፊላቸው ብቻ ቢነበብላቸው ሊያስገርም አይገባም። በዊንዶውስ 7 ላይ የሚሠራው የመጨረሻው የክሮም እትም 109ኛው ሲሆን፣ የኤንቪዲኤ 2024.1 እትምና ከዚያ በኋላ የወጡት ደግሞ በዊንዶውስ 7 ላይ አይሠሩም። ኮምፒውተራቸውን ለመቀየር ያልቻሉ ሰዎች የኤንቪዲኤን 2023.3 እትም መጠቀም ይችላሉ፤ ሆኖም የደኅንነት ማሻሻያ በማይደርሰው ኮምፒውተር ላይ የገንዘብና የማንነት መረጃ ማስገባት ለአደጋ ያጋልጣል። አቅም በፈቀደ ጊዜ የተሻለ አማራጭ የሚሆነው በቅርብ የታደሰ ስልክ ነው።

ማሰሻውንና አንባቢውን በአንድ ወቅት ማደስ ይመከራል። አንዱ ታድሶ ሌላው ከቀረ ቀድሞ ይነበብ የነበረ ገጽ ሳይነበብ ሊቀር ይችላል።

አማርኛው ለምን አይነበብም?

የእንግሊዝኛ ገጽ የሚያነብ መሣሪያ ወደ አማርኛ ገጽ ሲመጣ ዝም ማለቱ በተደጋጋሚ የሚቀርብ ቅሬታ ነው። ምክንያቱ ከአራት አንዱ ሊሆን ይችላል።

1. አማርኛ የሚያውቅ ድምፅ አለመኖር። አንባቢው ጽሑፉን ወደ ንግግር የሚቀይረው የንግግር ድምፅ በሚባል ሌላ ፕሮግራም አማካይነት ነው። ድምፁ የእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነ የግዕዝ ፊደላትን ይዘላቸዋል ወይም በቁጥር መለያቸው ይጠራቸዋል። ከኤንቪዲኤ ጋር አብሮ የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ አማርኛን ያነባል። በአዳዲስ የዊንዶውስ እትሞች ላይ ግን ኤንቪዲኤ ሲነሳ ሌላ ድምፅ ሊመርጥ ስለሚችል፣ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኤስ ቁልፎችን በአንድነት ተጭኖ ኢስፒክ ኤንጂን መምረጥ፣ ቀጥሎም ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ቪ ተጭኖ ከድምፆቹ ዝርዝር አማርኛን መምረጥ ያስፈልጋል። ድምፁ የሰው ለዛ ባይኖረውም ፊደላቱን አይዘልም። ኢስፒክ ለአንድሮይድ ስልክም ይገኛል። ጆስ የሚጠቀሙ ሰዎች በኮምፒውተራቸው ከተጫኑት ድምፆች መካከል አማርኛ የሚያነብ መኖሩን ማረጋገጥ ይኖርባቸዋል።

2. የገጹ ቋንቋ በስህተት መመዝገብ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ በኮዱ ውስጥ በየትኛው ቋንቋ እንደተጻፈ የሚገልጽ ምልክት ሊኖረው ይገባል። አንባቢው ይህን ምልክት አይቶ ድምፁን ይቀይራል። በአማርኛ የተጻፈ ገጽ "እንግሊዝኛ" ተብሎ ከተመዘገበ አንባቢው አማርኛውን በእንግሊዝኛ ድምፅ ለማንበብ ይሞክራል፤ ውጤቱም ዝምታ ነው። ተገልጋዩ ድምፁን በእጁ ወደ አማርኛ ቀይሮ ገጹ ከተነበበለት ጉድለቱ የገጹ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር ይችላል።

3. በቀድሞ ፎንቶች የተጻፈ ጽሑፍ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደላት መለያ ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የተካተተው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ለላቲን ፊደላት በተመደቡ ቁጥሮች ላይ የግዕዝ ፊደልን ቅርጽ ይሥሉ ነበር። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተዘበራረቁ የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ነው፤ አንባቢውም እነዚያኑ ይናገራል። ለመለየት ጥቂት ቃላትን ገልብጦ በስልክ መልእክት መጻፊያ ላይ መለጠፍ ይበቃል። በዚያ ወደ ላቲን ፊደልና ምልክት ከተቀየሩ ሰነዱ በቀድሞ ፎንት የተጻፈ ነው፤ መፍትሔውም ተቋሙ በዩኒኮድ እንዲያወጣው መጠየቅ ነው።

4. በስካነር ተነሥቶ የተለጠፈ ደብዳቤ። ማኅተምና ፊርማ ያረፈበት ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ተነሥቶ ወይም በስካነር ወደ ፒዲኤፍ ተቀይሮ ይለጠፋል። ይህ ሰነድ ለኮምፒውተሩ ሥዕል እንጂ ጽሑፍ ስላልሆነ የሚነበብ ነገር የለውም። ከሥዕል ላይ ጽሑፍን የሚለዩ ፕሮግራሞች አሉ፤ ከነዚህ መካከል ያለ ክፍያ የሚገኘው ቴሰራክት አማርኛን ያካትታል። ሆኖም በቅርጽ የሚመሳሰሉ ፊደላትን ሊያምታቱ ስለሚችሉ የማመልከቻ ማብቂያ ቀንን፣ የገንዘብ መጠንንና የመዝገብ ቁጥርን በእነሱ ብቻ ተማምኖ መወሰን አይመከርም። እንዲህ ያሉትን ቁጥሮች ከተቋሙ ጠይቆ ማረጋገጥ ይሻላል።

በኤጅ ማሰሻ ውስጥ "ጮክ ብለህ አንብብ" የሚለው አገልግሎት መቅደስና አምሃ የሚል ስም የተሰጣቸው የአማርኛ ድምፆች አሉት። በይነ መረብ በተገናኘ ጊዜ ረጅም ማብራሪያና መመሪያ ለማዳመጥ ይጠቅማሉ። አገልግሎቱ ግን የስክሪን አንባቢን አይተካም፤ በቅጽ ውስጥ ካሉ ሳጥኖችና አዝራሮች አንዱን ከሌላው ለይቶ አይመራም።

ቅጽ በሚሞሉበት ጊዜ

በዊንዶውስ የሚሠሩ አንባቢዎች ድረ ገጽን በሁለት ዓይነት ሁኔታ ይይዙታል። በንባብ ሁኔታ ላይ ሲሆኑ ፊደላት እንደ አቋራጭ ያገለግላሉ፦ ኤች ወደሚቀጥለው ርዕስ፣ ኤፍ ወደሚቀጥለው የቅጽ ክፍል፣ ቢ ወደሚቀጥለው አዝራር ይወስዳል። በመጻፍ ሁኔታ ላይ ሲሆኑ ደግሞ የተጫኑት ፊደል በሳጥኑ ውስጥ ይጻፋል። አንድ ሰው ስሙን ሊጽፍ ሲሞክር አንባቢው ከርዕስ ወደ ርዕስ የሚዘል ከሆነ ገጹ አልተበላሸም፤ አንባቢው ገና በንባብ ሁኔታ ላይ ነው። በሳጥኑ ላይ ሆኖ ኢንተር መጫን ወይም በኤንቪዲኤ ኢንሰርትና ስፔስ መጫን ወደ መጻፍ ሁኔታ ያሻግራል። ለመመለስ ኢስኬፕ መጫን ይበቃል።

መሙላት ከመጀመሩ በፊት ቅጹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ማዳመጥ ጠቃሚ ነው። መመሪያዎች አንዳንድ ጊዜ ከቅጹ በታች ስለሚጻፉ፣ እንዲሁም የትኞቹ ሰነዶች ተያይዘው እንደሚቀርቡ ቀድሞ ማወቅ ስለሚረዳ ነው። በተጨማሪ የሚከተሉትን ማስታወስ ይገባል።

ክልል፣ ዞንና ወረዳ የሚመረጥባቸው ዝርዝሮች አብዛኛውን ጊዜ ተያያዥ ናቸው። ክልሉ እስኪመረጥ የዞኑ ዝርዝር ባዶ ይሆናል፤ ከተመረጠም በኋላ እስኪሞላ ጥቂት ሰከንድ ሊወስድ ይችላል። የዞኑ ዝርዝር ባዶ ሆኖ ከተነበበ ትንሽ ቆይቶ እንደገና መሞከር ተገቢ ነው። ዝርዝሩን ለመክፈት አልትንና ወደ ታች የሚያመለክተውን ቀስት፣ ለመምረጥ ቀስቶችንና ኢንተርን መጠቀም ይቻላል።

የትውልድ ዘመን በሥዕላዊ የቀን መቁጠሪያ የሚሞላ ሲሆን ለአንባቢ አስቸጋሪ ይሆናል። ሳጥኑ የሚፈቅድ ከሆነ ቀኑን በቁጥር መጻፍ ይቀላል። ሳጥኑ በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደሚሞላ ሳያረጋግጡ መሙላት ግን በማንነት ሰነድ ላይ ልዩነት ስለሚፈጥር ጥንቃቄ ያሻል።

ስህተት በቀይ ቀለም ብቻ የሚገለጽባቸው ቅጾች አሉ። የማስገቢያ አዝራሩ ተጭኖ ምንም ድምፅ ካልተሰማ ማመልከቻው ገብቷል ብሎ መደምደም አይገባም። ወደ ገጹ አናት ተመልሶ ማዳመጥ፣ ቀጥሎም በኤፍ ቁልፍ በየሳጥኑ እያለፉ ስህተት የተመዘገበበትን መፈለግ ያስፈልጋል። የማመልከቻ ቁጥር ወይም የማረጋገጫ መልእክት እስካልተገኘ ድረስ ጉዳዩ እንዳልተጠናቀቀ መቁጠር ይሻላል።

ካፕቻ የሚባለው፣ የተጣመሙ ፊደላትን ከሥዕል ለይቶ እንዲጻፍ የሚጠይቀው ማረጋገጫ በስክሪን አንባቢ አይነበብም። በአጠገቡ የድምፅ አማራጭ መኖሩን መፈለግ ይገባል። ከሌለ ዓይነ ስውር ተገልጋይ በራሱ ሊያልፈው የማይችለው መሰናክል በመሆኑ ለተቋሙ ማሳወቅ ተገቢ ነው።

በከፊል ለሚያዩና ማውስ ለመያዝ ለሚቸገሩ

አጋዥ ቴክኖሎጂ የስክሪን አንባቢ ብቻ አይደለም። የማየት አቅማቸው የቀነሰ ሰዎች፣ አረጋውያንም ጭምር፣ ኮንትሮልንና የመደመር ምልክትን በመጫን በማሰሻው ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ማጉላት፣ ኮንትሮልንና ዜሮን በመጫን ወደ ነበረበት መመለስ ይችላሉ። የዊንዶውስ ቁልፍና የመደመር ምልክት ደግሞ መላውን ማያ ገጽ የሚያጎላውን መሣሪያ ያስነሳሉ። ጽሑፉ ሲጎላ ቃላት አንዱ በሌላው ላይ ከተነባበሩ ወይም አዝራሮች ከማያ ገጹ ውጭ ሄደው ከጠፉ ጉድለቱ የገጹ አሠራር ነው።

በእጅ ጉዳት ምክንያት ማውስ መያዝ የማይችሉ ሰዎች በታብ ቁልፍ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው መሄድ፣ በሺፍትና በታብ መመለስ፣ በኢንተር ወይም በስፔስ መምረጥ ይችላሉ። የታብ ቁልፍ ሲጫን የት እንደደረሱ የሚያሳይ ምልክት በገጹ ላይ መታየት አለበት። ይህ የታብ ፍተሻ የቴክኒክ ዕውቀት ስለማይጠይቅ ማንኛውም ሰው አንድ ገጽ ያለ ማውስ መሥራት አለመሥራቱን በጥቂት ደቂቃ ሊመዝንበት ይችላል።

ለእነዚህ ሁሉ ዓለም አቀፍ መለኪያ አለ። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያወጣው ደብልዩ ስሪ ሲ የተባለው ተቋም የድረ ገጽ ይዘት ተደራሽነት መመሪያዎችን አውጥቷል፤ 2.2 የተባለው እትም የወጣው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። በመመሪያዎቹ መካከለኛ ደረጃ መሠረት ጽሑፍ ይዘቱንና አገልግሎቱን ሳያጣ እስከ 200 በመቶ መጉላት መቻል አለበት። የተለመደ መጠን ያለው ጽሑፍ ቀለም ከመደቡ ጋር ያለው የብርሃን ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1 መሆን ይኖርበታል። ገጹም በቁልፍ ሰሌዳ ብቻ ሊሠራ ይገባል።

ችግሩ የት እንደሆነ የመለያ ቅደም ተከተል

አንድ ቅጽ ሳይነበብ ሲቀር የሚከተለውን በቅደም ተከተል መሞከር መንስኤውን ለመለየት ያስችላል።

አንደኛ፣ በደንብ እንደሚነበብ የሚታወቅ ሌላ ገጽ መክፈት። እርሱም ካልተነበበ ችግሩ ከአንባቢው ወይም ከድምፁ ነው፤ አንባቢውን አጥፍቶ ማስነሳትና የድምፁን ምርጫ መፈተሽ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ሌላው ገጽ ከተነበበ ያልተነበበውን በሌላ ማሰሻ መክፈት። በክሮም ያልተነበበው በፋየርፎክስ ከተነበበ መንስኤው የማሰሻው እትም ወይም በማሰሻው ላይ የተጨመረ ተቀጥላ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ የሚቻል ከሆነ በሌላ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በስልክ መሞከር።

አራተኛ፣ በሁለት ማሰሻና በሁለት መሣሪያ ተሞክሮ በአንድ ቦታ ላይ ተመሳሳይ ዝምታ ካጋጠመ ጉድለቱ ከሞላ ጎደል የድረ ገጹ ነው። ከዚህ በኋላ ተገልጋዩ ተጨማሪ ሙከራ ከማድረግ ይልቅ ጉዳዩን ለተቋሙ ማሳወቅ ይኖርበታል።

ቅሬታ ሲቀርብ "ድረ ገጻችሁ አይሠራም" ከሚል ጥቅል አባባል ይልቅ ዝርዝር መረጃ መስጠት መፍትሔውን ያፋጥናል። የገጹ ሙሉ አድራሻ፣ ችግሩ የተከሰተበት ቀንና ሰዓት፣ የማሰሻውና የአንባቢው ስምና እትም፣ የመሣሪያው ዓይነት፣ የተጫኑት ቁልፍና የተሰማው ድምፅ ቢገለጽ መልካም ነው። ለምሳሌ "በሦስተኛው ክፍል የሚገኘው ሳጥን የመለያ ጽሑፍ የለውም፤ በኤንቪዲኤና በክሮም፣ በቶክባክም ሲከፈት 'የመሙያ ሳጥን' ብቻ ይላል" የሚል ቅሬታ ለባለሙያው የሚጠገነውን ቦታ በቀጥታ ያመለክተዋል። በቅሬታው ውስጥ የይለፍ ቃልም ሆነ የማረጋገጫ ኮድ በምንም ምክንያት መጻፍ የለበትም።

የመብቱ መሠረት

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 አካል ጉዳተኞች የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂን፣ በይነ መረብን ጨምሮ፣ ከሌሎች ጋር በእኩልነት እንዲያገኙ ተዋዋይ አገሮች እርምጃ እንዲወስዱ ያስገድዳል። አንቀጽ 21 ደግሞ ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ ለአካል ጉዳተኞች በሚመች ቅርጽ፣ በወቅቱና ያለ ተጨማሪ ወጪ እንዲቀርብ ይደነግጋል። የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 25 የእኩልነት መብትን፣ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወት የመከበር መብትን ያረጋግጣል። አንድ ዜጋ ቅጽ ለመሙላት የግል ምስጢሩን ለሌላ ሰው እንዲገልጽ የሚያስገድድ አሠራር ሁለቱንም የሚነካ ነው። ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ ምላሽ ያላገኘ አስተዳደራዊ በደል ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ሊቀርብ ይችላል።

የሌላ ሰው እርዳታ ሲያስፈልግ

ገጹ እስኪስተካከል ድረስ ጉዳዩ ጊዜ የማይሰጥ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ተገልጋዩ በአካል ቀርቦ አገልግሎቱን የመጠየቅ ወይም የሚያምነውን ሰው የማሳተፍ አማራጭ አለው። ረዳቱ ያልተነበበውን ክፍል ብቻ አንብቦ እንዲነግር፣ የይለፍ ቃሉንና የማረጋገጫ ኮዱን ግን ባለቤቱ በራሱ እጅ እንዲያስገባ ማድረግ ተገቢ ነው። የይለፍ ቃል በሚጻፍበት ጊዜ አንባቢው ለእያንዳንዱ ፊደል "ኮከብ" የሚል ትርጉም ያለውን ቃል መናገሩ ምስጢሩን ለመጠበቅ እንጂ ብልሽት አይደለም። ሰው በበዛበት ቦታ በጆሮ ማዳመጫ መጠቀም፣ እንዲሁም ኤንቪዲኤ፣ ቮይስኦቨርና ቶክባክ ያላቸውን ማያ ገጹን የማጥቆሪያ አገልግሎት ማብራት፣ አጠገብ ያለ ሰው እንዳያዳምጥና እንዳያነብ ይከላከላል። በጋራ ኮምፒውተር ላይ ማሰሻው "የይለፍ ቃሉ ይቀመጥ?" ብሎ ሲጠይቅ አለመፍቀድ፣ ሥራው ሲያልቅም ከመለያው መውጣት አስፈላጊ ነው።

ተስማሚ ማሰሻ መምረጥ፣ የአማርኛ ድምፅ ማዘጋጀትና ፕሮግራሞችን ማደስ በተገልጋዩ እጅ ያሉ እርምጃዎች ናቸው። ለሳጥኖችና ለአዝራሮች ስም መስጠት፣ የገጹን ቋንቋ በትክክል መመዝገብና ማስታወቂያን በሚነበብ ጽሑፍ ማውጣት ደግሞ የተቋማት ግዴታ ነው። ተገልጋዩ የራሱን ድርሻ ተወጥቶ ገጹ አሁንም ዝም ካለ፣ በትክክል ተለይቶ የቀረበ አንድ ቅሬታ ከእርሱ በኋላ ያንኑ ቅጽ ለሚከፍቱ ሰዎች ሁሉ መንገድ ሊከፍት ይችላል።